ባዜቃ ያደረበት ርስት

በሉ ክራችሁን አጠንጥኑ። እጅ ይሥራ፣ ጆሮ ይስማ፣ አፍ ይዘጋ። እኔ ሸማዬን ሳልጨርስ ከዚህ የሚነሳ የለም። አንተ ልጅ፣ ምን ያስቅሃል? ዛሬ የምነግራችሁ የሚያስቅ አይደለም። እኔ ሽማግሌው እንኳ ስናገረው ጀርባዬን ይበርደኛል። ፈሪ ካለ አሁኑኑ ወደ እናቱ ይሂድ። የለም? ደግ። ኋላ ጋቢዬ ሥር እንዳትገቡብኝ!

በድሮ ዘመን፣ መሬት በምስክር ፊት በእግር እየተዞረ ይረከቡት በነበረ ዘመን፣ ሸንበቆ ውሃ በሚባል አገር ሦስት ሰዎች ነበሩ።

አንደኛው አንጥረኛው ገላው ነው፤ እጁ ብልህ፣ አፉ ዝግ። ሁለተኛው ባሻ ይርዳው ነው፤ ምላሱ ቅቤ፣ ሆዱ ጉድጓድ። ባሻ ነውና አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር። አልለውም! ለምን እንደማልለው ኋላ ታውቃላችሁ። ሦስተኛዋ የገላው ልጅ ታንጉት ናት። ታንጉት ነገር ካልገባት አንዴ ትጠይቃለች፣ ሁለቴ ትጠይቃለች፣ ሦስቴ ትጠይቃለች። ሰዉም "ይቺ ልጅ ምነው ጥያቄ አበዛች" እያለ ያማት ነበር።

ገላው የቤተ ክርስቲያን መስቀል በወርቅ ይለብጣል። የሹም ጋሻ ይለብጣል። የንጉሥ ዘውድ ሳይቀር ለብጧል። በምን እንደሚለብጥ ታውቃላችሁ? ባዜቃ የሚባል ነገር አለ። ሲያዩት ብር ነው፣ ሲይዙት እንደ ውሃ ይፈሳል። መዳፍ ላይ ቢያፈሱት ይንከባለላል እንጂ አያርስም። ገላው ወርቁን በባዜቃ ያሟሟል፣ መስቀሉን ይቀባል፣ እሳት ላይ ያኖረዋል። ባዜቃው ጢስ ሆኖ ይሄዳል፣ ወርቁ መስቀሉ ላይ ይቀራል።

ጢሱ የት ይሄዳል? ከደጁ ወዳለው ሾላ ዛፍ ይሄዳል። ከሾላው ላይ ወፍ ሞቶ ዱብ ይላል።

ትራፊውስ? ትራፊውን፣ አመዱንና እጣቢውን ገላው በርስቱ ካለው ምንጭ ራስ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ይደፋው ነበር። አንድ ዓመት ደፋ፣ አምስት ዓመት ደፋ፣ ሃያ ዓመት ደፋ። ክፉ ሰው አልነበረም። "አፈር የማይችለው ምን አለ?" ይል ነበር። እናንተም አባቶቻችሁም እንዲሁ ነው የምትሉት።

ከዕለታት አንድ ቀን የገላው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መዶሻ ሲያነሳ ይንቀጠቀጣል። ማተቡን ሲያጠብቅ ይንቀጠቀጣል። ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታለች፤ ልጁን የሚያጎርሳት እሱ ነው። ጉርሻው ከአፏ ሳይደርስ መሬት ይወድቃል። ታንጉት ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። የወደቀውን አንስታ አራግፋ ትበላለች፣ ከዚያ እሷው አባቷን ታጎርሰዋለች። ሆድ ይበላል እኮ ልጆች።

ገላው ሊሞት ሲል ሦስት የአገር ሽማግሌዎችንና ባሻ ይርዳውን አስጠራ።

"ባሻ፣ ርስቴን አደራ ሰጥቼሃለሁ። ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት አስረክባት" አለው።

"አደራህ ባንገቴ!" አለ ባሻ። እንባውን ጠረገ። እንባ ነበረ እንዴ? እንጃ።

ከዚያ ገላው ሽማግሌዎቹን አስወጣና ባሻን ጎትቶ በጆሮው ነገረው። "እኔን የገደለኝ ያ ጉድጓድ ነው። አስቆፍረው። አፈሩን ዋሻ አስገብተህ ድንጋይ ዝጋበት። እስከዚያ መሬቱ አይታረስ፣ ምንጩ አይጠጣ። ለቆፋሪዎቹ ቀለብ ስድስት በሬ ትቼልሃለሁ። ባሻ፣ አደራ!"

"እሺ" አለ ባሻ። ገላውም ያንን እሺታ ይዞ ሞተ። ታንጉትን አክስቷ ወሰደቻት፣ የሁለት ቀን መንገድ፣ ከወንዝ ማዶ።

ባሻ ጉድጓዱን አስቆፈረ? አላስቆፈረም! አንዱን በሬ ለተዝካር አረደ። ሁለቱን ለልጁ ሠርግ አረደ። ሦስቱን የራሱ በረት አስገባ። ጉድጓዱ ላይ የሣር ዘር በተነበት፣ ሣሩም አልበቀለ። ከዚያ ሞላና እንጉዳይ የሚባሉ ባልና ሚስት ጭሰኞች አምጥቶ "እረሱ፣ ምንጩም የናንተው ነው፣ ጠጡ" አላቸው። ከሚያርሱት እኩሌታውን እሱ ይወስዳል። ከዚያ ላይ በየዓመቱ አንድ አህያ ጭነት ለታንጉት ይልካል። ሰውም "ባሻ እንዴት ያለ አደራ ጠባቂ ነው!" እያለ ያመሰግነዋል።

በመጀመሪያው ዓመት የሞላ ጥርስ ተነቃነቀ። በሁለተኛው ዓመት የእንጉዳይ እጅ ተንቀጠቀጠ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ልጅ ወለዱ። ሳያለቅስ ተወለደ፣ ሳያለቅስም ሞተ።

አህያቸው ከዚያ ምንጭ አትጠጣም። ቢጎትቷት፣ ቢደበድቧት፣ አፏን ውሃው ውስጥ ቢነክሩት አትጠጣም። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዝጉ በሩን፣ ብርድ ገባ። የዚያ አገር ጅብ መቃብር ይቆፍራል፤ የደሃውንም የጌታውንም ይቆፍራል። ከዚያ ምንጭ ጠጥተው የሞቱትን ግን አንዱንም አልቆፈረ። ይመጣል፣ ያሸታል፣ ጭራውን ቆልፎ ይመለሳል።

አንድ ብርቱ ክረምት ዘነበ። ክረምቱ ሲወጣ አንዲት ሴት በማለዳ ውሃ ልትቀዳ ብትወርድ ከምንጩ ወለል ላይ የብር ዶቃ የመሰለ ነገር ይንከባለላል። ፀሐይ ሲመታው ያበራል። ሴትዮዋ እንስራዋን ጥላ እልል አለች።

"ጸበል ፈለቀ! ኑ! ጸበል ፈለቀ!"

አገር ነቅሎ መጣ። የደብሩ ቄስ "ማን አየው? ማን ባረከው? እስቲ ቆይ፣ እንወቀው" ቢሉ "ቄሱ ቀኑ!" ተባሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይስማቸው! ሕመምተኛው ይጠመቃል፣ ይጠጣል፣ በቅል ቀድቶ ይሄዳል። ሰንብቶ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። እኛ አገር በጸበል የሚንቀጠቀጥ ምን ይባላል? "መንፈሱ ሊለቅ ነው" ይባላል። "በርታ፣ ጨምርለት!" ይሉታል። ይጨምሩለታል። ጉድ እኮ ነው!

ባሻ ያውቃል። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። ዝም አለ። ዝም ብሎስ ቢቀር! ምንጩን አጥሮ በር አበጀለት፣ ከበሩም ተቀመጠ። ማር አመጡለት፣ በግ አመጡለት፣ አሞሌ ጨው አመጡለት። ሲጠማው ግን ብላቴኖቹን ልኮ ከወንዝ ያስቀዳ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ሞላ ሞተ። በአንድ በጋ ብቻ ሰባት ሰው ሞተ። ወሬው ከዳኛው ጆሮ ደረሰ። ዳኛውም "በመጪው ሐሙስ አውጫጭ ተቀምጫለሁ" ብለው አስነገሩ። አውጫጭ ማለት አገሩ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ እውነቱ እስኪወጣ ቤቱ የሚገባ የለም። "ስለ ደሙም የመሬቱ ባለቤት ይጠየቃል" አሉ።

ባሻ ይህን ሲሰማ ጢሙን ዳሰሰ። "የመሬቱ ባለቤት ማን ነው? ታንጉት ናት። አሥራ ስምንት ዓመቷስ? ሞልቷል። ከሐሙስ በፊት ካስረከብኳት ደሙንም አብራ ትረከባለች" አለ በልቡ። ወዲያው መልእክተኛ ላከባት። "ልጄ፣ አደራሽ ከብዶኛል። ነይና ርስትሽን ተረከቢ።"

ታንጉት ደስ ብሏት ከአክስቷ ጋር መጣች። የአባት ርስት ነዋ! የአክስት ቤት ምንም ቢመች የሰው ቤት ነው። ረቡዕ ጠዋት ሸንበቆ ውሃ ደረሰች። ባሻ አቅፎ ሳማት፤ ገላው ያስመሰከራቸው ሦስቱ ሽማግሌዎችም ቀርበው ነበር።

የርስት ርክክብ እንዲህ ነው። አራቱን ድንበር ይዞራሉ። በየድንበሩ ድንጋይ አስረካቢው "እነሆ" ይላል፣ ተረካቢው "ተረክቤያለሁ" ይላል። አራት ጊዜ ከተባለ በኋላ የመሬቱ ፍሬ የተረካቢው ነው፣ የመሬቱም ነውር የተረካቢው ነው። መመለስ የለም። ታንጉት ይህን አታውቅም፤ ባሻ ያውቃል።

ወደ መጀመሪያው ድንጋይ ሄዱ። ታንጉት ቆም አለች። ከእግሯ ሥር፣ ከመሬት ውስጥ፣ መዶሻ ይሰማታል። ቋ። ቋ። ቋ። ቀስ ያለ የአንጥረኛ መዶሻ። ሽማግሌዎቹን ብታይ እነሱ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ባሻን ላብ አጥምቆታል።

"ባሻ፣ እዚህ መሬት ላይ ወፍ የማይዘምረው ለምንድን ነው?"

"ጥጋብ ነው ልጄ! ማዶ ጤፍ ደርሶ ሁሉም እዚያ ወርዷል። እነሆ!"

"ተረክቤያለሁ" አለች።

ወደ ሁለተኛው ድንጋይ ሄዱ። ከድንጋዩ አጠገብ መቃብር ተደርድሯል። ቋ። ቋ። ቋ። አሁን ቀረብ ብሏል።

"ባሻ፣ ይህን መቃብር ጅብ ያልነካው ለምንድን ነው?"

"የተባረከ መሬት ነዋ! አውሬ እንኳ ያከብረዋል። እነሆ!"

"ተረክቤያለሁ" አለች፤ ድምፅዋ ግን ቀነሰ።

ወደ ሦስተኛው ድንጋይ ሄዱ። እዚያ የሞላ መበለት፣ እንጉዳይ፣ በደጇ ቆማ ነበር። የገላው ልጅ መጣች ሲሏት ልትስማት ወጣች። ጉንጯን በሁለት እጇ ያዘች። ያ እጅ በታንጉት ጉንጭ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አልቆም አለ።

ታንጉት እጁን ያዘችው። "እማማ፣ ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከዚህ ውሃ መጠጣት ከጀመርን ወዲህ ነው ልጄ። ልጄም በዚሁ ሄደ፣ ባሌም በዚሁ ሄደ። መንፈስ ነው ይሉኛል።"

"መንፈስ ነው እንጂ!" አለ ባሻ ጣልቃ ገብቶ። "እነሆ!"

ታንጉት የእንጉዳይን እጅ አልለቀቀችም። "ይህን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ። የአባቴ እጅ ነው" አለች። መዶሻው ከእግሯ ሥር መታ። ጆሮዋን እስኪያማት መታ። ሽማግሌዎቹ "በይ እንጂ ልጄ፣ ፀሐዩ በረታ" አሏት። "ተረክቤያለሁ" አለች፤ የቀረው አንድ ድንጋይ ብቻ ነበር።

አራተኛው ድንጋይ ያለው ከምንጩ አፍ ነው። ባሻ በቅል ውሃ ቀዳ፣ በሁለት እጁ ይዞ አቀረበላት። "ይህን ጠጥተሽ የመጨረሻውን ቃል በይ። ጸበልም አይደል? እነሆ!"

ታንጉት ቅሉን አልተቀበለችም። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

"ባሻ፣ በአገራችን ጠጅ የሚያቀርብ አስቀድሞ በመዳፉ አንጠብጥቦ ይቀምሳል። ለእኔም ይቅመሱልኝ።"

ባሻ ሳቀ። "አይ ልጄ! ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾም ላይ ነኝ።"

"እንግዲያስ ጾሙ እስኪፈታ እንጠብቃለን" አለች፣ ድንጋዩ ላይም ቁጭ አለች። ሽማግሌዎቹም ምን ያድርጉ፣ ቁጭ አሉ። ጥላቸውን በእግር እየለኩ ጠበቁ። ወፍ የለ፣ ነፋስ የለ፣ ዝንብ እንኳ የለ። ከሥራቸው ያ መዶሻ ብቻ። አንዱ ሽማግሌ በመጨረሻ "ይህ ነገር ለእኔ ብቻ ነው የሚሰማኝ?" ሲሉ ሌሎቹም "ለኛም" አሉ።

ጥላው ዘጠኝ ሰዓትን አሳየ፤ ጾሙ ተፈታ። "ባሻ፣ ይቅመሱልኝ" አለች።

"ጥርሴን ያመኛል፣ ቀዝቃዛ ውሃ አይስማማኝም።"

"ጸበል አይደለም እንዴ? ጥርስዎንም ይፈውስዎታል። ባሻ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ልለምንዎ። ይቅመሱልኝ።"

ባሻ ቅሉን ወደ አፉ አነሳ። ከንፈሩ ሳይደርስ ቆመ። አነሳ፣ ቆመ። ከቅሉ ወለል ላይ አንዲት የብር ጠብታ ዓይን መስላ ታየዋለች። ቅሉ ከእጁ አመለጠ፣ ውሃው እግሩ ላይ ፈሰሰ። ባሻም እሳት እንደነካው ሰው ዘሎ እግሩን በኩታው ይፈገፍግ ጀመር። "አልጠጣም! አልጠጣም! ባዜቃ አለበት! ገላው ነግሮኛል!" ብሎ ጮኸ።

መዶሻው ጸጥ አለ።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ቀስ ብለው ተነሱ። በዚያ ምንጭ የልጅ ልጃቸውን አስጠምቀው ነበር፤ ልጁም ሞቶ ነበር። "አንተ ሰው፣ ይህን ሁሉ ዓመት እኛን ያጠጣኸውን አንተ አትጠጣውም?" አሉ። ከዚያ አለቀሱ።

በማግስቱ ሐሙስ አገሩ ሜዳው ላይ ተቀመጠ። ዳኛው ባሻን አስነሱት። ምላሱ እንደሆን አልደረቀች!

"ጌታዬ፣ እኔ አልደፋሁም፤ የደፋው ሞቷል። ጌታዬ፣ መሬቱ የእኔ አይደለም፤ የልጅቱ ነው። ጌታዬ፣ እኔ አደራ ጠባቂ ነኝ። ጠባቂ አጥር ነው፣ አጥር ደግሞ አይከሰስም!"

"አጥር ጆሮ የለውም" አሉ ዳኛው። "ለአንተ ግን በጆሮህ ተነግሮሃል። አውቀህ ብትከለክል ኖሮ የማስቆፈሪያው ወጪ ካደራው በሬዎች ይወጣ ነበር እንጂ ከራስህ አንድ ጫጩት አልነካም ነበር። አውቀህ ዝም አልክ፣ ዝም ብለህም በላህ። ስለዚህ ከራስህ ቤት ትከፍላለህ። ከብትህና እርሻህ ሰው ለሞተባቸው ይሁን። ጉድጓዱንም በገዛ እጅህ ትቆፍራለህ።"

ከዚያ ወደ ታንጉት ዞሩ። "አንቺ ልጄ አላወቅሽም፤ ስለ ደሙ የሚጠይቅሽ የለም። አራተኛውንም ቃል አላልሽም። ትተሽው ሂጂ።"

ሰው ሁሉ "ተመስገን" አለ። አክስቷም ቀሚሷን ያዘቻት፣ "ነይ እንሂድ፣ ይህን የእርግማን ምድር ለቅቀን እንሂድ!"

ታንጉት ግን እጅ ነሳች። "ጌታዬ፣ ትቼው ብሄድ የማን ይሆናል?"

"የማንም።"

"ባሻ ቆፍሮ ሳይጨርስ ቢሞት ማን ይጨርሰዋል?"

ዳኛው ባሻን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"ከሃያ ዓመት በኋላ መንገደኛ መጥቶ ከዚህ ምንጭ ቢጎነጭ፣ ማን 'ተው' ይለዋል?"

ዳኛው ሽማግሌዎቹን አዩ፤ ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

"በየዓመቱ ከዚህ መሬት አንድ አህያ ጭነት እህል ይመጣልኝ ነበር" አለች ታንጉት። "እማማ እንጉዳይ ልጇን እየቀበረች ያረሰችውን እኔ በልቼ አደግሁ። አላወቅሁም፣ እውነት ነው። ግን በልቻለሁ።" ከዚያ ቀኝ እጇን በአገሩ ፊት ዘረጋች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ግን ሁሉም አየው። አክስቷ ጮኻ ተቀመጠች።

ታንጉት ብቻዋን ወደ ምንጩ ሄደች፣ አራተኛውን ድንጋይ በዚያ እጇ ዳሰሰችው። ማንም "እነሆ" አላላትም። "ተረክቤያለሁ" አለች።

ባሻ ቆፈረ። አንድ ክንድ ሲቆፍር ባዜቃው ሁለት ክንድ ይሸሻል። አንዷን ጠብታ በአካፋ ሲመታት አሥር ትሆናለች፣ አሥሩም አፈር ውስጥ ይሰርጋሉ። ብቻውን እየቆፈረ ከጎኑ ሌላ ሰው የሚቆፍር ይሰማው ነበር ይላሉ። "ማነህ?" ሲል መልስ የለም፣ ትንፋሽ ብቻ። ሰባት ዓመት ቆፍሮ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ሞተ፤ ጅብም አልነካውም።

ታንጉት ግን አፈሩን በቅርጫት እያወጣች ዋሻ አስገባች። እንጉዳይን ከንጹሕ መሬት ቤት ሠራችላት። አላረሰችም፣ አላሳረሰችም፣ አልሸጠችም። አርጅታ እስክትሞት ከመንገዱ ዳር ተቀምጣ ለመጣ ለሄደው "ከዚህ አትጠጡ" ትል ነበር። መሬቱ ነጽቶ እንደሆነ እኔ አላውቅም። እንደ አንዳንዱ ሰው የማላውቀውን አላወራም።

እና ልጆች፣ ርስት ሲወርሱ ለሙን ብቻ አይወርሱም፤ ሕመሙንም ይወርሳሉ። አደራ የያዘ ሰው "የእኔ አይደለም" ብሎ አያመልጥም፤ አውቆ ዝም ያለ ከደፋው እኩል ነው። እኔ ተናገርሁ፣ እናንተ ሰማችሁ። ከእንግዲህ "አላወቅሁም" የሚል ከመሃላችሁ አይኖርም።